አሥራ አንድ ቁጥር አልጋ ላይ የተፈረመው እርቅ

ከቃሊቲ መናኸሪያ እስከ አቃቂ ድልድይ ባለው ሰፈር ብዙወርቅን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ትናንት የገባ ተከራይ ነው። እሱም ቢሆን እስከ ነገ የት እንደተወለደ፣ ለምን እስካሁን እንዳላገባ፣ ኩላሊቱ ውስጥ ስንት ጠጠር እንዳለ ነግሯት ይጨርሳል። ወዶ አይደለም፤ ስለምትጠይቀው ነው። የእሷ ጥያቄ እንደ ሌላው ሰው «እንዴት ሰነበቱ፣ ልጆች ደህና፣ ቤት ደህና» እያለ ሦስት ዳገት ወጥቶ ሁለት ወንዝ ተሻግሮ አይደርስም። ቀጥ ብሎ ይመጣል። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠችውን ሴት፣ ወንበሩ እንኳ ሳይሞቅ፣ «ከባልሽ ጋር ተጣልተሻል?» አለቻት። ሴትየዋ የምትወርደው ሳሪስ ነበር፤ ታሪኩ ስላላለቀ ስታዲየም ድረስ አብራት ሄደች።

ይህን ጠባይ ከእናቷ አልወረሰችውም። ያመጣችው ከፋብሪካ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ክር ፋብሪካ ሠርታለች። እዚያ ማሽኖቹ ሲነሱ የሚያሰሙት ጩኸት የሰውን ሐሳብ ሳይቀር ያስረሳል፤ ጓደኛዋን «የሰላም ነው ፊትሽ ጠቆር ያለው?» ብላ በወግ ልትጠይቅ የጀመረች ሠራተኛ፣ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ሳንባዋ ያልቃል። ስለዚህ ያለሽ አንድ ቃል ብቻ ነው። «አመመሽ?» «ተጣላሽ?» «አረገዝሽ?» መልሱንም በጆሮ አትሰሚውም፤ ከከንፈር ላይ ታነቢዋለሽ። ብዙወርቅ በሃያ ሁለተኛው ዓመት ላይ፣ ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ ሁለት ሰዎች ስለ ማን እንደሚያወሩ ብቻ ሳይሆን የትኛው እንደሚዋሽ ትለይ ነበር። ሰው ሲዋሽ አፉ አንድ ነገር ይላል፣ ፊቱ ሌላ። ጩኸት ውስጥ የኖረ ሰው የሚያምነው ፊትን ነው።

ፋብሪካው ሥራ ሲያቆም፣ አቃቂ አካባቢ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ የውስጥ ደዌ ክፍል፣ በፅዳት ሠራተኛነት ተቀጠረች። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰበሰበች። የመጀመሪያው፣ ደም ግፊታቸው አልወርድ ብሎ ሐኪም ሁሉ የተጨነቀላቸውን አንድ አዛውንት «ጨው ከየት ነው የሚሰርቁት?» ብላ በመጠየቋ ነው። አዛውንቱ ከትራሳቸው ሥር በወረቀት የተጠቀለለ ጨው አውጥተው አስረከቧት፤ ግፊታቸውም ወረደ፤ ማስጠንቀቂያው ግን አልወረደም። ሁለተኛው፣ አንድን ሐኪም ለምን ቤቱ እንደማያድር ጠይቃው ነው። ሦስተኛውን የጻፈላት ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነው፤ ምን ብላ እንደጠየቀችው እስከ ዛሬ አልተናገረም።

እንዲህ ባለችበት ነው ኦላና አሥራ አንድ ቁጥር አልጋ ላይ የተኛው።

ኦላና አርባ አራት ዓመቱ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተሳቢ ነድቷል፤ የጅቡቲን መንገድ ጉድጓድ በጉድጓድ ያውቀዋል፤ ጉድጓዶቹም ያውቁታል። ቅዳሜ ዕለት ራሱን ጎድቶ በጎረቤት መኪና መጣ። ምን እንዳደረገ እዚህ አይነገርም፤ ብዙወርቅ በሕይወቷ ሳትጠይቅ ያለፈችው ብቸኛ ጥያቄ እሱ ነው፣ ለማንም አይጠቅምም ብላ። ሐኪሞቹ ተረባረቡና ተረፈ። ሰኞ ዕለት ከአደጋ ክፍል ወጥቶ ወደ ውስጥ ደዌ ተዛወረ።

ከእሱ ጋር ሰፈሩም አብሮ ተዛወረ። ግድግዳው ላይ «ለአንድ ታካሚ ሁለት ጠያቂ ብቻ» የሚል ተለጥፏል። ሰኞ ከሰዓት አሥራ አንድ ቁጥር ዙሪያ አሥራ ዘጠኝ ሰው ነበር፤ አንደኛው የአሥር ቁጥር በሽተኛ እግር ላይ ተቀምጦ ነበር፣ እስኪነገረው ድረስ ብርድ ልብስ መስሎት። የመጣው ሙዝና የታሸገ ጁስ አንድ ሱቅ ለመክፈት ይበቃ ነበር።

«ምን ሆኖ ነው?» ይላል አዲስ የመጣው።

«ሆዱን ነው» ትላለች ጠጄ፣ ሚስቱ።

«የበላው ነገር ይሆናል።»

«ይሆናል።»

«የዘንድሮ ዘይት እኮ ጥሩ አይደለም» ይላል ሌላው፣ እና ሁሉም በአንድ ድምፅ ዘይቱን ያማሉ።

ሁሉም እውነቱን ያውቃል። የተፈጠረውን አንስቶ መናገር ግን ነውር ነው፤ ስለዚህ ያ ሁሉ ሰው ነገሩን እንደ ቆሻሻ ውሃ እየዘለለ ያልፈዋል። ከዚያ «አይዞህ» ይመጣል። ብዙወርቅ ከአልጋው ሥር እየወለወለች ቆጠረች፤ በአንድ የጠያቂ ሰዓት ውስጥ መቶ አሥራ ሁለት አይዞህ። አንድም ጥያቄ የለም።

ማክሰኞ ጠዋት የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ሁንዴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። አቶ ሁንዴ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ አባታቸው ጤፍ ያርሱበት የነበረው ቦታ ላይ ዛሬ ሦስት መጋዘን ቆሟል። በማስታረቅ የታወቁ ናቸው። አጥር የተካፈሉ ጎረቤቶችን፣ ሃያ ዓመት የተኳረፉ ወንድማማቾችን፣ አንድ ጊዜም አንድን ሰውዬና የገዛ ውሻውን አስታርቀዋል። አስበው አስበው፣ የኦላናም ጉዳይ ያው ነው አሉ፤ ሰውዬው ከራሱ ጋር ተጣልቷል፤ የተጣላ ደግሞ ይታረቃል።

ሦስቱ ወንበር ስበው ተቀመጡ። አቶ ሁንዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ እንደ ደንቡ በዳይና ተበዳይ ይሰማሉ። እዚህ ላይ በዳዩ አንተ ነህ። ተበዳዩም አንተ ነህ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዤ አላውቅም፤ ግን እንሞክራለን።»

«በዳይ የተበዳይን ጉልበት ይሳም እንጂ» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«የራሱን ጉልበት?»

«ደንቡ ነዋ።»

«ክንዱ ላይ መርፌ ተሰክቶለታል፤ አይጎነበስም» አሉ ሌላው።

ጉልበት መሳሙ በዚህ ምክንያት ታለፈ። ወረቀት ወጣ። አቶ ሁንዴ በሚያምር እጅ ጽሑፋቸው፦ «እኔ ኦላና፣ በቤተሰቤና በሽማግሌዎች ፊት፣ ከእንግዲህ ወዲህ እንዲህ ያለውን ነገር ዳግም ላላደርግ፤ ባደርግ ግን...» ብለው ቆሙ። ባደርግ የሚለው ጋ ሦስቱም ለረጅም ጊዜ አሰቡ። ቅጣቱን የሚቀበለው ማን ነው? በመጨረሻ ሰርዘውት፣ በምትኩ አቶ ሁንዴ ራሳቸው ዋስ ሆነው ፈረሙ። ኦላናም ፈረመ።

«ከልብህ ነው?» አሉት።

«እሺ» አለ ኦላና።

«ዳግመኛ እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብም።»

«እሺ፣ ጋሽ ሁንዴ።»

«ጨርሰናል በቃ። እርቅ ወርዷል።»

ተመረቀ። ሙዙ ተከፋፈለ። ጠጄ አራት ቀን ሙሉ ያላለቀሰችውን በነጠላዋ ጫፍ አለቀሰች፤ የደስታ ነው። ለዙር የመጣው ሐኪምም ታካሚው በልቷል፣ ተረጋግቷል፣ ደሙም ጥሩ ነው ብሎ ነገ ረቡዕ እንዲወጣ ጻፈለት። የአእምሮ ጤና ባለሙያው ነቢል ወደዚህ ሆስፒታል የሚመጣው ሐሙስ ሐሙስ ስለሆነ፣ ሐሙስ ከቤቱ ተመልሶ ይታያል ተባለ።

ደስ ያላላት ብዙወርቅ ብቻ ነበረች። መወልወያዋን ተደግፋ ሁሉንም ከበሩ አጠገብ አይታለች። የኦላና አፍ ሁለት ጊዜ እሺ ብሏል። ፊቱ ግን በዓል ቀን እንደተዘጋ ሱቅ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ከወጡ በኋላ ደግሞ ቸርነት ያዘው። የፀሐይ መነጽሩን ለአሥር ቁጥር ሰጠ። ፔርሙሱን ለአሥራ ሁለት ቁጥር። የቆዳ ጃኬቱን ለበር ጠባቂው እንድትሰጠው ጠጄን አዘዛት፤ እግረ መንገዱን የቤቱ ካርታ የትኛው ሳጥን ውስጥ እንዳለ ነገራት። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ረጋ ብሎ ነው፤ እንዲያውም ፈገግ ብሎ። «ሰላም ወረደለት» አለች ጠጄ፣ ቤቱን ለነገ ልጥረግ ብላም ሄደች።

ክር ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሲጮህ ማንም አይሮጥም። በድንገት ጸጥ ሲል ነው አለቃውም መካኒኩም የሚሮጡት። ብዙወርቅም ሮጠች።

ሲስተር ሩት ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በዚያች ከሰዓት ለሠላሳ ስምንት አልጋ አንድ ነርስ እሷ ነበረች። አምላክ ሁለት እግር ብቻ የሰጣት በስህተት ነው፤ ለክፍሉ የተመደበው ስምንት ነበር።

«ሲስተር፣ አሥራ አንድ ቁጥርን ጠይቀሽዋል?»

«ምኑን?»

«አሁንም ልሞት ብሎ ያስብ እንደሆነ።»

ሩት ሰው ሰምቶ እንደሆነ ዙሪያዋን አየች። «እትዬ ብዙዬ፣ ቀስ በይ እንጂ። እንደሱ ተብሎ አይጠየቅም። ማስታወስ ይሆናል።»

«ረስቶት ነው እንዴ የምናስታውሰው? ቅዳሜ ነው እኮ።»

ብዙወርቅ መነጽሩን፣ ፔርሙሱን፣ ጃኬቱን፣ ካርታውን አንድ በአንድ ነገረቻት። ሩት ስልኳን አወጣችና ነቢል ጋ ደወለች። ነቢል ያን ቀን ሌላ ጤና ጣቢያ ነበር። የሚለው ነገር ከስልኩ ወጥቶ ይሰማል፦ ጠይቁት፣ በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፣ ያቀልለታል እንጂ፤ አትቆጡት፤ ብቻውን አትተዉት፤ አሁኑኑ ታክሲ እይዛለሁ።

ሩት ስልኩን እንደያዘች ቆመች። «አምስት ዓመት ተምሬ ይህን አንድ ጥያቄ ማንንም ጠይቄ አላውቅም» አለች። ወዲያው ከሦስት ቁጥር «ሲስተር፣ ኦክስጅኑ» የሚል ጥሪ መጣ። «እስክመለስ አጠገቡ ሁኚልኝ። ብቻ...»

«ብቻ ምን?»

«ብቻ እንደ ባለ ጨዉ ሰውዬ እንዳታደርጊው።»

«ባለ ጨዉ ሰውዬ ድኗል» አለች ብዙወርቅና ሄደች።

ባልዲዋን ደፍታ አልጋው አጠገብ ተቀመጠችበት። ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ጠያቂ ወጥቷል፤ በመስኮቱ የከባድ መኪና ድምፅ ይገባል።

«ኦላና።»

«አቤት።»

«አሁንም መሞት ታስባለህ?»

አሥር ቁጥር በድንገት እንቅልፍ ጣለው፤ ዓይኑን ከመጨፈኑ በፊት ግን ጆሮውን አስተካከለ።

ኦላና ጣሪያውን አየ። «ፈርሜያለሁ እኮ። አላዩም እንዴ?»

«አይቻለሁ። እኔ ፊርማህን አልጠየቅኩህም።»

ኦላና፣ ቀላል ባቡሩ ከቃሊቲ ተነስቶ ከተማ ደርሶ፣ መብራት ጠፍቶበት ቆሞ፣ መብራት መጥቶለት የሚመለስበትን ያህል ዝም አለ። ብዙወርቅ አልነካካችውም። ፋብሪካ ውስጥ ጠይቀሽ መልሱ እስኪመጣ ፊቱን ታያለሽ እንጂ ሁለተኛ አትጮኺም።

«አዎ» አለ።

አፉ አዎ አለ፤ ፊቱም አዎ አለ። ከሰኞ ጀምሮ ሁለቱ ሲስማሙ ያየችው ገና አሁን ነው። መቶ አሥራ ሦስተኛው አይዞህ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

«ደግ አደረግህ የነገርከኝ። እንግዲህ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርህ፤ ይህን ለሲስተር ሩት እነግራታለሁ። እኔ ሚስጥር መያዝ አልችልም፤ ሰፈሩን ጠይቅ።»

የኦላና ከንፈር በአንድ ጎን ብቻ ተነሳ። «ሰምቻለሁ። አሥር ቁጥር ነግሮኛል።»

አሥር ቁጥር በእንቅልፉ ተገላበጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ከዚያ በኋላ ጥያቄ ማውጣት አላስፈለጋትም ነበር ማለት ይቻላል፤ እንደ ልማዷ ግን ጠየቀች። ኦላና ነገራት። የስኳር በሽታው ዓይኑን ያዘው፤ መንጃ ፈቃዱን አስረከበ፤ አንድ ዓመት ሆነው። ቤቱ ከዋናው መንገድ ዳር ነው። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተሳቢዎቹ መውጣት ይጀምራሉ። እያንዳንዱን በድምፁ ያውቀዋል፤ ይሄኛው ፍሪሲዮኑን እየበላው ነው፤ ያኛው ማርሹን ቶሎ ይቀይራል፤ ልጅ ነው። አልጋው ላይ ተኝቶ አብሯቸው ይነዳል። ዱከምን ያልፋል፣ ቢሾፍቱን ያልፋል፣ ሞጆ ሲደርስ ግን የሚሄድበት የለውም።

«ከዚያ ጠጄ ትነሳለች» አለ። «ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ለጠያቂ ሳሙናና ብርቱካን የምትሸጥባት ኪዮስክ አለቻት። እንዳትቀሰቅሰኝ በጣቷ ነው የምትራመደው። እኔ የተኛሁ እመስላለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በር ዘግቶ የሚወጣው እኔ ነበርኩ። አሁን እሷ በሩን ስትዘጋው...» አልጨረሰውም።

«ይህን ነግረሃታል?»

«ትፈራለች።»

«አሁን የፈራች አትመስልህም?»

ኦላና እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። «ዛሬ ልነግራት ነበር። እውነቴን ነው። ከዚያ ጋሽ ሁንዴ ወረቀቱን አመጡ። ከፈረምኩ በኋላ እንዴት ብዬ ልናገር? ከፋኝ ባልኩ ቁጥር ዋሴን ላስይዝ?»

ብዙወርቅ በባልዲዋ ላይ ተስተካከለች። በሕይወቷ ብዙ የሰው ጉዳይ ሰምታለች፤ ሰውን አፍ የሚያስይዝ እርቅ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«በጣም ሲብስብህ ማን ቢመጣ ይሻልሃል? ማን ነው የማያሰለችህ?»

አሰበ። «ሮቤራ። ጎሚስታው። አይናገርም።»

«ምንም?»

«ጎማ ነው የሚያየው። ሰው ቢያይም እንደ ጎማ ነው የሚያየው። ግን አጠገቡ ስቀመጥ ደህና ነኝ።»

ሩት ተመልሳ ስትመጣ ሁለቱ ስለ ሮቤራ እያወሩ ነበር። ብዙወርቅ እፊቱ ሁሉንም ነገረቻት። ሩት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ያንኑ ጥያቄ ራሷ በራሷ አፍ ጠየቀችው፤ ኦላና ሁለተኛውን አዎ ከመጀመሪያው ቀለል አድርጎ አለው።

ነቢል አሥር ሰዓት ላይ ደረሰ፤ ከኦላና ጋር መጋረጃ ስቦ አንድ ሰዓት ተቀመጠ። ሲወጣ የረቡዕ መውጫ ተሰርዞ ነበር፤ ማታ ማታም አጠገቡ ሰው እንዳይጠፋ ተራ ወጣ። ነቢል ስለዚህ ጉዳይ ሦስት ቀን ሆቴል ውስጥ ሥልጠና ወስዷል፤ ቡፌ የነበረው፣ የምስክር ወረቀት ያለው። ብዙወርቅ የጠየቀችውን ከሩት ሲሰማ ለሩት እንዲህ አላት፦ «ያንኑ ነው የጠየቀችው። ቅደም ተከተሉ ብቻ ትንሽ ተዛብቷል።»

ረቡዕ ዕለት ጠጄና አቶ ሁንዴ ተጠሩ። ኦላና ስለ አሥራ አንድ ሰዓቱ፣ ስለ ሞጆው፣ ስለ በሩ፣ ጣሪያ ጣሪያ እያየ ነገራቸው። ጠጄ አላለቀሰችም። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነቅተህ ነበር?» ብቻ አለችው። «ዓመቱን ሙሉ? እኔ እኮ በጣቴ ስሄድ የነበርኩት ተኝተህ መስሎኝ ነው።»

አቶ ሁንዴ ግን ተከፍተዋል። ወረቀቱን ከኮታቸው ኪስ አወጡ። «ታዲያ ይህ ውል ፈረሰ ማለት ነው?»

«ቃል ማስገባቱ በደግ ልብ ነው፣ አባባ» አለ ነቢል። «ግን የፈረመ ሰው ሲብስበት ይደብቃል። እኛ የምንፈልገው እንዲናገር ነው።»

«እና እኔ ዋስነቴ ምን ሊሆን ነው?»

«እድራችን ሰው ሲሞት ሦስት ቀን ይቀመጣል» አለች ጠጄ። ድምጿ ከፍ አላለም፤ ግን ክፍሉ ሁሉ ሰማት። «ድንኳኑ አለ፣ ወንበሩ አለ፣ ድስቱ አለ። በሕይወት ላለ ሰው ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል መጥቶ መቀመጥ የሚከለክል ደንብ አላችሁ?»

አቶ ሁንዴ የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ በቃላቸው ያውቁታል፤ በሐሳባቸው ከመጀመሪያው አንቀጽ እስከ መጨረሻው ሄደው ተመለሱ። የሚከለክል የለም። የሚፈቅድም የለም፤ በሕይወት ስላለ አባል ደንቡ የሚያውቀው ነገር የለም። ወረቀቱን አራት ቦታ ቀደዱትና ጀርባው ላይ ሊጽፉ የነበረውን በሌላ ወረቀት ጻፉ፦ ሰኞ ሮቤራ፣ ማክሰኞ ሁንዴ፣ ረቡዕ ሮቤራ፣ እያለ የሚሄድ። ከታች ነቢል የስልክ ቁጥሩንና የሆስፒታሉን ቁጥር ጨመረ፤ ሲብስ ማን ጋ፣ ከዚያ ማን ጋ፣ መልስ ከጠፋ ቀጥታ ወደ አደጋ ክፍል። ኦላና እንዲፈርም አልተጠየቀም።

ነቢል ለጉዳት የሚሆነውን ነገር ከቤት አርቁ ብሎም ነበር። አቶ ሁንዴ ነገርን በግማሽ አይሠሩም። አርብ ኦላና ወደ ቤቱ ሲመለስ መራቅ ያለበት ሁሉ ርቋል፤ አብሮም ራዲዮው ርቋል፣ ክፉ ዜና ያወራል ተብሎ፤ የሚወዛወዘው ወንበርም ርቋል፣ ሰው ሊጥል ይችላል ተብሎ። ጠጄ ወንበሩን ለማስመለስ ሽማግሌ መላክ ነበረባት።

የሆስፒታሉ አስተዳደርም ዝም አላለም፤ ለብዙወርቅ አራተኛ ደብዳቤ ጻፈላት። ቢሮው ያለው አንድ ዓይነት ቅጽ ብቻ ስለነበር «ጉዳዩ፦ ማስጠንቀቂያ» የሚለው በእስክሪብቶ ተሰርዞ ከላዩ «ምስጋና» ተብሎ ተጽፎበታል። ከታች ያለው «ይህ ድርጊት ቢደገም ሥራዎን ያጣሉ» የሚለው ግን ሳይሰረዝ ቀረ። ብዙወርቅ ደብዳቤውን አስለብዳ ግድግዳዋ ላይ ሰቀለችው።

ያም ሆኖ ልቧ አላረፈም። ነቢል ለሩት ሲነግራት ሰምታለች፤ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሳምንት ከሁሉ የሚያስፈራው ነው፤ ሐሙስ በቀጠሮው ከመጣ ትልቅ ነገር ነው። ሐሙስ ደግሞ ገና ስድስት ቀን ቀርቶታል። በእነዚያ ስድስት ቀናት የተመላላሽ ክፍሉ ኮሪደር ታጥቦ የማያውቀውን ያህል ታጠበ።

ሐሙስ ቀጠሮው ሦስት ሰዓት ነበር። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ብዙወርቅ አንዲቱን የወለል ሸክላ ለአሥራ አራተኛ ጊዜ ወለወለቻት፤ ሸክላዋ ከጎረቤቶቿ የተለየ ቀለም ማሳየት ጀምራለች። አራት ሰዓት ሆነ። ሩት ከላይ ወርዳ ኮሪደሩን አየች፣ ብዙወርቅን አየች፣ ተመለሰች። ነቢል በሩን ከፍቶ ብቅ አለ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጓል፤ አይነሳም።

አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ጠጄና ኦላና በበሩ ገቡ። ኦላና የቆዳ ጃኬቱን ለብሷል፤ ጠጄ ከበር ጠባቂው እንዴት እንዳስመለሰችው ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

«መንገዱ ተዘግቶ ነው» አለ ኦላና። «አንዱ ተሳቢ ማርሹ ተሰብሮ መሃል መንገድ ላይ ተዘርግቷል። ባለፈው ሰኞ በመስኮት ስሰማው ለሮቤራ ነግሬው ነበር፤ ይሄ ማርሽ ሐሙስ አይደርስም ብዬ። ይኸው ደረሰ፤ ግን ቃሊቲን አላለፈም።»

«ስልክህስ?» አለች ብዙወርቅ።

«ጠጄ ጋ ነው። እሷ ደግሞ ታክሲ ውስጥ ተኝታ ነበር።»

ብዙወርቅ ፊቱን አየችው። ደክሟል። «ሳምንቱ እንዴት ነበር?»

«ረቡዕ ጠዋት መጥፎ ነበር» አለ። «በጣም መጥፎ። ሮቤራ ገና አልደረሰም ነበር። ጠጄን ቀሰቀስኳትና ከፋኝ አልኳት።»

«ምን አለችህ?»

«ምንም። መብራቱን አብርታ ተነስታ ተቀመጠች። ሮቤራ ሲመጣ ሁለታችንም አልጋው ላይ ተቀምጠን አገኘን። እሱም ተቀመጠ። ሦስታችንም ምንም አላልንም፤ ነጋ።»

ነቢል በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ኦላና ገባ፤ በሩ ተዘጋ።

ጠጄ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ብዙወርቅ አጠገቧ ዐረፍ አለች፤ ሰባት ጥያቄ ተዘጋጅቶ ነበር፣ የመጀመሪያውን ልትወረውር ስትዞር ግን የጠጄ ራስ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። ሌሊት ሌሊት የባሏን ትንፋሽ ስታዳምጥ የሰነበተች ሴት፣ ቁጥር የሚጠራበት፣ ሕፃን የሚያለቅስበት፣ ወንበር የሚጎተትበት ኮሪደር ላይ፣ አፏን ከፍታ ተኛች። ብዙወርቅ ትንፋሿን ሳይቀር ቀስ አደረገችው። የፅዳት ተቆጣጣሪዋ ከሩቅ መጥታ «ደረጃውስ?» ስትላት በከንፈሯ ብቻ «ሂጂ» አለቻት።

ኦላና ከአንድ ሰዓት በኋላ ወጣ፤ እጁ ላይ የሚቀጥለው ሐሙስ የተጻፈበት የቀጠሮ ካርድ አለ። ሚስቱን አያት።

«ልቀስቅሳት?» አለች ብዙወርቅ።

«ተይዋት» ሊላት ነበር፣ ለትልቅ ሰው እንደሚናገር ትዝ አለው። «ይተዉዋት። የምንቸኩልበት የለንም።»

ከጠጄ ወዲያ በኩል ተቀመጠ፤ ጃኬቱን አውልቆ ጉልበቷ ላይ ጣል አደረገላት፣ እስክትነቃም ጠበቀ።